ስማችንን ማን ሰረዘው?

ግራ ጆሮዬ አይሰማም። ሰው በዚያ በኩል ተቀምጦ ሲያወራኝ ፈገግ እያልኩ ቦታ እቀይራለሁ። ለምን እንደሆነ የሚጠይቀኝ ካለ «ልጅ ሆኜ ታምሜ ነው» እለዋለሁ። ውሸቴን ነው። ልጅ ሆኜ ሁለቱም ጆሮዎቼ ደህና ነበሩ። ዛሬ እውነቱን ልንገራችሁ። ሰምታችሁ ብትንቁኝም አልቀየማችሁም።

ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት መቱ ነው። አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለነበር አማርኛ ላይ ጠንካራ እምነት ነበረው፤ በአማርኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አስገባኝ። ኦሮምኛን የለመድኩት ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ ስራገጥ ነው። እናገረዋለሁ፣ እስቅበታለሁ፣ ስናደድም እሰድብበታለሁ። በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ ጽፌው ግን አላውቅም። አዲስ አበባ ሄጄ ኮምፒውተር ሳይንስ ተማርኩ፣ ጥቂት ዓመት ሠራሁ፣ አባቴ ሲታመም ተመለስኩ። ስመለስ ከተማው ሁሉ የጠበበኝ መሰለኝ። ከእኔ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ጋሼ ኃይሉ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ከመነኸሪያው ጀርባ፣ ከአንድ ጨርቅ ነጋዴ ሱቅ በላይ፣ ሁለት ክፍል ተከራይተው ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ከፍተው ነበር። እዚያ ገባሁ። አምስት ነበርን። ጋሼ ኃይሉ ሥራ ያመጣሉ፣ ፕሮግራሙን በአብዛኛው የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ሁለቱ ልጆች ያግዙኛል። አምስተኛዋ ሌሊሴ ናት። እውነተኛ ስሟ ይህ አይደለም፤ በዚህ እንጥራት።

የሌሊሴ አመጣጥ እንዲህ ነው። በአካባቢው ላሉ ገበሬዎች የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ሥርጭት በኮምፒውተር እንዲሆን ሥራ ተገኘ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ማዳበሪያው ከመጋዘን ወጥቶ ነጋዴ እጅ ገብቷል ተብሎ ሕዝቡ ተቆጥቶ ስለነበር፣ አሁን ስሙ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ ገበሬ ብቻ እንዲወስድ ተወሰነ። ሥራውን የሰጡን ሰዎች አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ። ከምትቀጥሯቸው ውስጥ ሴቶችና ከገጠር ወረዳ የመጡ ልጆች ይኑሩበት አሉ። ጋሼ ኃይሉም የዳሪሙ ገበሬ ልጅ የሆነችውን፣ ከተመረቀች ዓመት ያልሞላትን ሌሊሴን ቀጠሩ።

እኔ ደሜ ፈላ። ምሳ ላይ «በችሎታ ይሁን!» እያልኩ ጠረጴዛ ደበደብኩ። በመሥሪያ ቤቱ የስልክ ግሩፕ ላይ ረጅም ጽሑፍ ለጠፍኩ። «ሥራ በጾታና በትውልድ ቀበሌ አይታደልም። ኮድ የጻፈው ወንድ ይሁን ሴት፣ የከተማ ይሁን የገጠር፣ ኮምፒውተሩ አያውቅም» የሚል ነበር። ሁለቱ ልጆች አጨበጨቡልኝ። ሌሊሴ ከአንድ ሰዓት በኋላ አንዲት መስመር መለሰች።

«ኮምፒውተሩ አያውቅም። የሚጠቀምበት ሰው ግን ያውቃል።»

ከዚያ በኋላ በዚህ ጉዳይ አልተናገረችም። ሥራዋ ፕሮግራሙን መፈተሽ ነበር። ለዚህ የሚሆን ኦፕን ሶርስ መሣሪያ ከኢንተርኔት አወረደች። ማንም ሰው በነፃ ወስዶ፣ ውስጡን ከፍቶ አይቶ፣ እንደፈለገ አስተካክሎ የሚሠራበት ዓይነት ነው። ብቻዋን አጠናችው። እኔ የጻፍኩትን ፕሮግራም በየማለዳው በዚያ መሣሪያ ትፈትነዋለች፤ ያለፈው በአረንጓዴ ጽሑፍ፣ የወደቀው በቀይ ይወጣል። «ነፃ ነገር ከየት አገር ነው ደህና ሆኖ የሚያውቀው?» እያልኩ አሾፍባት ነበር።

ርክክቡ አንድ ሳምንት ሲቀረው ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥታ ቆመች።

«ሦስት ቀይ አለን» አለችኝ።

«ምን ሆኖ?»

«ስም ነው። ሙልአታ፣ ሚኤሳ፣ ፈኢሳ። በቁቤ ሲጻፉ መሀላቸው ላይ ትንሽ ጭረት አለች። ያቺ ጭረት ስትገባ ፕሮግራምህ መዝገቡን ይጥለዋል። ስህተት ተፈጠረ እንኳ አይልም፤ ዝም ብሎ ይጥላል።»

«ስንት ሰው ነው እንደዚህ የሚባለው?»

«እኛ አገር? ብዙ ነው። ደግሞ የራሱ ስም ብቻ አይደለም። አባቱ ወይም አያቱ እንደዚያ ከተባለም ሰውዬው ይወድቃል።»

«እኛ አገር» ማለቷ አንጨረጨረኝ። እኔስ የየት አገር ሰው ነኝ?

«ታዲያ ጭረቷን ተይዋ! አትጻፊያት።»

«ስማቸው እኮ ነው።»

«ሌሊሴ፣ ሥራ አታስፈቺኝ።»

ለማስተካከል ግማሽ ቀን አይፈጅም ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ያላስተካከልኩት ጊዜ አጥቼ ሳይሆን ስህተቱን ያገኘችው እሷ ስለሆነች ነው። ሁሉም ሲወጡ እሷ የጻፈቻቸውን ፈተናዎች ከፈትኩ፤ ከሦስቱ ፊት «ይህን ዝለል» የሚል ትእዛዝ ጻፍኩ። የኮምፒውተሩ ማያ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሆነ። ለጋሼ ኃይሉ አሳየኋቸው። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ጎበዝ» አሉኝ።

በማግስቱ አየችው። «ዘለልካቸው?» አለችኝ። «በሚቀጥለው ዙር ይስተካከላል» አልኳት። ጋሼ ኃይሉ ጋ ገብታ ነገረቻቸው። ሲመልሱላት በሩ ክፍት ስለነበር ሰማሁ። «ልጄ፣ እሱ ልምድ አለው። እስቲ እመኚው።»

ሰኔ ገብቶ ነበር። ሰማዩ እንደ ኢሉባቦር ክረምት ልማዱ ዝቅ ብሎ፣ ጉሙ ከዛፍ ከዛፍ ተንጠልጥሎ ያለበት ማለዳ ላይ እኔና ሌሊሴ በኪራይ ፒክአፕ ከመቱ ተነሣን። የመጀመሪያው ሥርጭት ከኖፓ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ ነበር። ስንደርስ የመጋዘኑ ግቢ በሰው ሞልቷል። አህያ የጎተተ አለ፣ ፕላስቲክ የተከናነበ አለ፣ ልጅ ያዘለች አለች። መሬቱ ታርሶ ዘር እየጠበቀ ስለሆነ ሁሉም ይቸኩላል። መጋዘኑ በረንዳ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተን ላፕቶፑን ከፈትን። አንድ ዘለግ ያሉ፣ አሮጌ ጠመንጃ የያዙ ጥበቃ አጠገባችን ቆሙ። የመጋዘኑ ሠራተኛ ከውስጥ ጆንያ ያወጣል።

የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ አርባ ሰዎች ያለ ችግር አለፉ። ሌሊሴ ስም ትጠይቃለች፣ እኔ እፈልጋለሁ፣ ወረቀቱ ይታተማል፣ ሰውዬው ማዳበሪያውን ተሸክሞ መርቆን ይሄዳል። ደስ አለኝ። ሌሊሴን ቀና ብዬ «አየሽ?» በሚል ዓይን አየኋት።

ከዚያ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ጠና ያሉ ሰው ከልጃቸው ጋር ቀረቡ። ልጁ ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ቢሆነው ነው፤ ፈርጠም ያለ፣ ሳቂታ። አባትየው ሚኤሳ ሙልአታ እባላለሁ አሉ። ልጁ አብዲሳ ሚኤሳ። ፈለግሁ። የሉም።

«አልተመዘገባችሁም» አልኩ።

«ተመዝግበናል እንጂ ልጄ። በእጄ ፈርሜያለሁ።»

«ኮምፒውተሩ ላይ የሉም፣ ኦቦ ሚኤሳ። ቀጣይ!»

ሌሊሴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ይኸው እሱ ነው። አቁመው። ስህተት አለ ብለን እንንገራቸውና የወረቀቱን መዝገብ ከወረዳ እናስመጣ።»

«ዝም በይ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

የቀጣዩ ስም ተገኘ። ከእሱ የቀጠለው የለም። ከእሱ የቀጠለችውም የለችም። እንዲህ እያለ እስከ እኩለ ቀን ሄደ። ያልተገኙት ወደ ቤታቸው አልሄዱም፤ ከግቢው ግራ በኩል ካለው የዋንዛ ዛፍ ሥር ቆሙ። መጀመሪያ አሥር፣ ኋላ ሠላሳ፣ ኋላ ስንት እንደሆኑ እንጃ። ዝናቡ እየመታቸው ቆመው ያዩናል። አንዱ ሌላውን «አንተም የለህም?» ይለዋል። ያኔ ነው አንድ ሰው ጮክ ብሎ የተናገረው፤ እስከ ዛሬ ድምፁ ይሰማኛል።

«እዚህ የቆምነውን ተመልከቱ! ሁላችንም የሙልአታ ዘር አይደለንም እንዴ?»

ነገሩ እውነት ነበር። ሙልአታ የሚባል ትልቅ ሰው በዚያ አካባቢ ኖሮ፣ ወልዶ ከብዶ አልፏል። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ሁሉ በስማቸው ውስጥ ያቺን ጭረት ይዘዋል። እኔ ከመቱ ፎቅ ላይ ሆኜ ሦስት ፈተና ዘለልኩ፤ እዚህ ግን አንድ ዘር በሙሉ ተለይቶ ከመዝገብ ወጣ። እነሱ ታዲያ ምን ብለው ያስቡ? አንድ ሰው ሆን ብሎ ሰረዘን ብለው ነው እንጂ!

«መቃን ኬኛ ኤሳ?» ማለት ጀመሩ። ስማችን የት አለ? መጀመሪያ አንድ ሰው፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ድምፅ።

ሌሊሴ ብድግ አለችና የላፕቶፑን ክዳን ጠረቀመችው። በኦሮምኛ «ወገኖቼ፣ አንዴ ስሙኝ፣ ይህ ነገር...» ስትል ክንዷን ይዤ አስቀመጥኳት። በኃይል ነው ያስቀመጥኳት። ሰው ሁሉ አየ። ያየው ግን ሌላ ነገር ነው። ልጅቷ ኮምፒውተሩን ዘጋችው፣ ሰውዬው ከለከላት፤ ያዩት ይኼን ነው።

የመጋዘኑ ሠራተኛ ደንግጦ በሩን መዝጋት ጀመረ። «ሊያሸሹት ነው! ሃቱ! ሃቱ!» ተባለ፤ ሌባ ማለት ነው። የመጀመሪያው ድንጋይ ጠረጴዛው ላይ አረፈ፤ ማተሚያው ተሰበረ። ሁለተኛው ትከሻዬን አገኘኝ። አብዲሳ በዚህ መሀል እጆቹን ዘርግቶ ወደ በረንዳው ወጣ። ሊማታ አልነበረም፤ ይህን በፍርድ ቤትም መስክሬያለሁ። «አትዝጉት፣ አትዝጉት፣ እንነጋገር» ነበር የሚለው። ጥበቃው ግን የሚሮጥ ጎረምሳ ብቻ ነው የታያቸው። ጠመንጃውን ወደ ሰማይ ሊተኩሱ ቀና ሲያደርጉት ከኋላ ድንጋይ ጭንቅላታቸውን መታቸው። አፈሙዙ ዝቅ አለ። ጠመንጃው ባረቀ።

አብዲሳ ሆዱን ይዞ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ደክሞት ያረፈ ሰው ይመስል ነበር። ቀና ብሎ አባቱን አየ። ከዚያ በጎኑ ተጋደመ፤ ደሙ ከዝናቡ ጋር በደረጃው ላይ ወረደ።

ቀጥሎ የሆነውን ሙሉውን አላየሁትም፤ ጥበቃው ላይ ዱላ ሲወርድባቸው፣ ፊታቸው ፊት መሆኑ ሲቀር፣ አንድ ሰው ጠመንጃቸውን ነጥቆ በሰደፉ ጥርሳቸውን ሲያወርደው ግን አይቻለሁ። የመጋዘኑ ሠራተኛ አጥር ዘሎ ጠፋ። ሌሊሴ ሸሚዜን ይዛ ጎተተችኝ። መጋዘን ውስጥ ገብተን በሩን ከውስጥ ቀረቀርን፤ በጆንያ ደገፍነው።

ውስጡ ጨለም ያለ ነው፤ የማዳበሪያው ሽታ ዓይን ያቃጥላል። ድንጋዩ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ጭንቅላታችን ውስጥ የሚፈነዳ ያህል ነበር። በሩን በግንድ ይመቱት ጀመር። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ «እናቴ፣ እናቴ» እላለሁ። ሌሊሴ በእጇ አፌን ከደነችው።

«ስማኝ። ሲገቡ እኔ ልናገር። አንተ ዝም በል። እነዚህ ሰዎች ጨካኝ አይደሉም፤ ልጃቸው ተመትቶባቸዋል፣ የሰረዛቸው ሰው ያለ መስሏቸዋል። የኮምፒውተር ስህተት መሆኑን እኔ አስረዳቸዋለሁ። ማን እንዳጠፋ አልናገርም። ገባህ?»

«እሺ» አልኩ። «እሺ ሌሊሴ፣ እሺ።»

ማን እንዳጠፋ አልናገርም ብላኝ ነበር። ይህን አስታውሱልኝ።

በሩ በአራተኛው ምት ተገነጠለ። ብርሃኑና ሰዉ አንድ ላይ ገባ። ጆንያ ላይ ተወረወርኩ፤ አንዱ በእግሩ ደረቴን ረገጠኝ። ከፊት የነበሩት ኦቦ ሚኤሳ ናቸው። ጋቢያቸው ከደረታቸው በታች ቀይ ሆኗል። የራሳቸው ደም አይደለም። እጃቸው ላይ ወፍራም ዱላ አለ። ጮኸው አልተናገሩም፤ ጮኸው ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«ማነው ስማችንን የሰረዘው?»

ሌሊሴ አፏን ልትከፍት ስትል እኔ ቀደምኳት። አስቤው አይደለም ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እኔም እንደዚያ ብዬ ራሴን ማታለል እፈልጋለሁ፤ ግን አስቤዋለሁ። በዚያች ቅጽበት ውስጥ እጅግ በፍጥነት አስቤዋለሁ። ጣቴን ዘርግቼ አሳየኋት።

«እሷ ናት። ስም የምታስገባው እሷ ናት።»

«እውነቱን ነው! ኮምፒውተሩን የዘጋችው እሷ ናት፣ አይተናል!» አለ አንዱ ከኋላ።

ሌሊሴ ዘወር ብላ አየችኝ። በዓይኗ ውስጥ ንዴት አልነበረም። ከዚህ በፊት አይታው የማታውቀው ሰው ፊቷ የተቀመጠ ያህል ነበር ያየችኝ። ከዚያ ፀጉሯን ይዘው ጎተቷት።

የሚደበደብ ሰው አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ። ድምፁ ነው የሚከፋው። መጀመሪያ ጀርባዋ ላይ፣ ከዚያ ጭንቅላቷን ለመሸፈን ባነሣችው ክንዷ ላይ። ግራ ክንዷ ሲሰበር ደረቅ እንጨት ሲቀነጠስ የሚሰማውን ድምፅ ሰማሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸች። ከዚያ በኋላ አልጮኸችም፤ ዱላው ሲያርፍ ትንፋሿ ብቻ ከውስጧ ይወጣል። እኔ ሦስት እርምጃ ራቅ ብዬ ጆንያ ላይ ነበርኩ። ደረቴን የረገጠኝ ሰው ትቶኝ ሄዷል። ማንም አልያዘኝም። ብነሣ የሚከለክለኝ አልነበረም። አልተነሣሁም።

ያዳነቻት አንዲት አሮጊት ናት። ስሟን እንኳ በኋላ ነው ያወቅነው። ሰዉን በክርኗ እየገፋች ገባችና ነጠላዋን አውልቃ ዱላዎቹ መሀል ወረወረች፤ ከዚያ ሌሊሴ ላይ በሙሉ ሰውነቷ ተጋደመች። «በእኔ ላይ ምቱ! የእኔን አጥንት ስበሩ!» አለች። አንድ ዱላ ተሰንዝሮ ስለነበር ወገቧ ላይ አረፈባት። አልተነሣችም። ሰዉ ወደ ኋላ አለ።

«ልጄ፣ አባትሽ ማነው?» አለቻት በኦሮምኛ፣ ከላይዋ ሳትነሣ።

ሌሊሴ ደም እየተፋች የአባቷን ስም፣ የአያቷን ስም፣ ሰፈሯን ነገረቻት። የራሳቸው አገር የዳሪሙ ልጅ መሆኗን ሲሰሙ ጉርምርምታ ተነሣ። ኦቦ ሚኤሳ ዱላቸውን መሬት አስደግፈው ጎንበስ አሉ።

«እኛ ምን በድለንሽ ነው ልጄ? ለምን ሰረዝሽን?»

ያኔ ሁሉን ልትናገር ትችል ነበር። ቀዮቹን ፈተናዎች፣ የዘለልኳቸውን፣ ያስጠነቀቀችኝን፣ ሁሉን። አንዲት ቃል ብቻ ነው ያለችው።

«ጠይቁት።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እዚያ መጋዘን ውስጥ ምን ያህል ሰው እንደነበረ አላውቅም፤ ሁሉም ግን እኔን ያያል። አሮጊቷም ከወደቀችበት ቀና ብላ ታየኛለች። ሌላ ውሸት ፈለግሁ፤ አላገኘሁም።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «የሠራሁት ፕሮግራም ነው የጣላችሁ። እሷ ነግራኝ ነበር። አቁም ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ።»

የመጀመሪያውን ዱላ አስታውሳለሁ፤ ጉልበቴ ላይ ነው ያረፈው። ከኦቦ ሚኤሳ እጅ ነው። ሁለተኛው የማን እንደሆነ አላውቅም፤ ከግራ ጆሮዬ በላይ አገኘኝ። ዓለም በአንድ ወገን ጸጥ አለች። ከዚያ የማስታውሰው መሬት ላይ የፈሰሰውን ነጭ ማዳበሪያ ነው፤ አፌ ውስጥ ገብቶ ያቃጥለኛል። ወድቄ ስመታ አሮጊቷ ለእኔም ስትለምን ነበር አሉ። እኔ አልሰማኋትም።

ከሰዓት በኋላ ፖሊሶች ደረሱ። ሦስታችንን በአንድ መኪና ጫኑን፤ እኔን፣ ሌሊሴንና አብዲሳን። አባቱ የልጃቸውን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። መንገዱ ጭቃ ነው፤ መኪናው ይንሸራተታል፣ ይቆማል፣ ይገፋል። አብዲሳ ውሃ ጠየቀ። ሆዱን የተመታ ሰው ውሃ አይሰጠውም ተብሎ ከለከሉት። መቱ ከመድረሳችን በፊት፣ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተይዞ ሳለ፣ አባቱ እጃቸውን በዓይኖቹ ላይ ሲያሳልፉ አየሁ። ሌላ ምንም አላደረጉም። ሹፌሩ ወርዶ ከሚገፉት ጋር መግፋቱን ቀጠለ፤ አልነገሩትም።

እኔ ሁለት ወር ተኛሁ። ጥበቃው ከሞት ተርፈው ታሰሩ፤ በችሎት ስመሰክር አንድ ዓይናቸው ጠፍቶ አየኋቸው። ጋሼ ኃይሉ ቢሮውን ዘጉ፤ ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ ባርኔጣቸውን ብድግ አድርገው ያልፋሉ። እኔን በሕግ የጠየቀኝ የለም። «ይህን ዝለል» ብሎ መጻፍ በየትኛው አንቀጽ ያስጠይቃል? መርማሪው የነገርኩትን ሁሉ ጽፎ ሲያበቃ «ቴክኒካዊ ችግር» ብሎ ደመደመው።

ወደ ኦቦ ሚኤሳ ሽማግሌ ላክሁ። ሁለት ጊዜ መለሱኝ፤ በሦስተኛው ተቀበሉኝ። ቤታቸው በር ላይ ድንጋይ ተሸክሜ ቆምኩ። ብዙ አልተናገሩም። «ከእንግዲህ የሰው ስም ኮምፒውተር ውስጥ ስታስገባ፣ ከመጠቀምህ በፊት በአደባባይ ቁመህ አንብበው። የሌለ ሰው የለሁም ይበልህ» አሉኝ። አሁን በምሠራበት ቦታ እንደዚያ አደርጋለሁ። የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ ቢሮ ቁጭ ብላችሁ «ችሎታ ወይስ ኮታ» እያላችሁ የምትከራከሩ፣ እኔም ከእናንተ አንዱ ነበርኩ፤ ክርክሩን አሸንፌም ነበር። ሌሊሴ ትክክል የሆነችው ሴት ስለሆነች አይደለም። ትክክል የሆነችው ስለፈተነች ነው። ግን ያንን ስም ለመፈተን ለምን እሷ አሰበች፣ እኔ ለምን አላሰብኩም? እኔ ዕድሜ ልኬን ሙልአታ የሚባል ጎረቤት ነበረኝ። ጠርቼዋለሁ፣ ቤቱ በልቻለሁ። ስሙ እንዴት እንደሚጻፍ ግን አንድ ቀን አይቼ አላውቅም። አጻጻፉን የምታውቅ ሰው ጎኔ አስቀመጡልኝ፤ እኔ ወንበሯን እንደ ኮታ ስቆጥር ከረምኩ። ፈሪነቴ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን በማንም አላሳብብም።

ሌሊሴን ያየኋት ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ቤተሰቦቿ ጋ ዳሪሙ ገብታለች አሉኝ። መኪናው ካወረደኝ በኋላ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ሄድኩ። አባቷ በቡናው መሀል ሲያርሙ አገኘኋቸው። ማንነቴን ስነግራቸው ማጭዳቸውን ቀበቷቸው ላይ ሰክተው ወደ ቤት መሩኝ።

ደጅ ላይ፣ ጥላ ሥር፣ ላፕቶፕ ከፍታ ትሠራለች። የግራ እጇ ጣቶች አይታጠፉም፤ በቀኟ ብቻ ነው የምትጽፈው። ያን የመፈተሻ መሣሪያ በነፃ ከሚያሻሽሉት ሰዎች ጋር ተቀላቅላለች። የአገሩን ስሞች ከያሉበት አሰባስባ ለፈተና እንዲሆኑ አዘጋጅታቸዋለች፤ ማንም ፈልጎ ይወስዳቸዋል። ይህን የነገረችኝ ስጠይቃት ነው፤ ለመኩራራት አይደለም።

እግሯ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል «ተው» አለችኝ። «ቁም። አትውደቅብኝ።»

ቆምኩ። የምናገረውን መንገድ ላይ ሳሰላስለው መጥቼ ነበር፤ ሁሉም ጠፋኝ።

«ይቅር በይኝ ሌሊሴ።»

ዶሮዎች በመሀላችን አለፉ።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለች። «ከልቤ ነው። ሸክሙ ለእኔም ከበደኝ። አብሬህ ግን አንድ ጠረጴዛ ላይ አልቀመጥም። ሥራ ቢኖርህ እንዳትጠራኝ።»

«እሺ።»

«በል ዝናብ ሳይመጣ ሂድ።»

አባቷ እስከ ዋናው መንገድ ሸኙኝ። እንግዳ አይደለሁም፣ ጠላትም ሆኜ አልተባረርኩም፤ ምን እንደሆንኩ እንጃ። ከፊት ከፊቴ እየሄዱ ቅርንጫፉን በማጭዳቸው ይመነጥሩልኛል። መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ስንደርስ ቆሙ። የምስጋና ቃል ጀመርኩ፤ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

«ልጄ ይቅር ብላሃለች፤ ሰምቻለሁ» አሉ። «እኔ ግን ገና ነኝ።»

አልለመንኳቸውም። እሳቸው ወደ ቡናቸው ተመለሱ፤ እኔ ቁልቁለቱን ወረድኩ።